አሜሪካ ውስጥ የኮሌጅ አሠልጣኝ ሲታገድ፦ የትኛው በር ይከፈታል፣ የትኛው አይከፈትም

ይህን የምጽፈው አሜሪካ ውስጥ በኮሌጅና በዩኒቨርሲቲ ስፖርት ለምታሠለጥኑ ወገኖቼ ነው፤ ለዋናውም፣ ለረዳቱም፣ በበጎ ፈቃድ ጀምሮ ዘንድሮ የአንድ ዓመት የቅጥር ደብዳቤ ለተሰጠውም። እኔም ታግጄ በዚያ መንገድ አልፌ ወጥቻለሁ። የራሴን ጉዳይ ግን አልተርክም፤ መጨረሻ ላይ የተፈራረምነው ወረቀት አይፈቅድልኝም። መንገዱን ከማሳየት የሚከለክለኝ የለም፣ ለእናንተም የሚበጀው እሱ ይመስለኛል። ጠበቃ አይደለሁም። ከታች ያለው ጠበቃ ፊት ስትቀመጡ ምን መጠየቅ እንዳለባችሁ እንድታውቁ ነው።

የታገደ አሠልጣኝ ሁሉ መጀመሪያ የሚያስበው ቅዳሜ ውድድሩ ላይ እንዴት እንደሚገኝ ነው። የአሜሪካ ፍርድ ቤት ግን ቅዳሜን እምብዛም አይመልስም። ደመወዝ ሊመልስ፣ ኮንትራት ሊያስከብር፣ ሲቀናም ስም እንዲጸዳ ሊያደርግ ይችላል። ገንዘቡንና ጉልበቱን በመጀመሪያው ሳምንት ቅዳሜን ለማስመለስ የጨረሰ ሰው፣ ሊያሸንፍበት ይችል የነበረውን ክርክር ቀኑ አልፎበት ያገኘዋል።

ነገሩ ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው በአጭር የቀጠሮ መልእክት ነው። ርእሱ “አጭር ውይይት” ይላል፣ ሰዓቱ የሥራ ቀን ማብቂያ ላይ ነው፣ የተጋባዦቹን ዝርዝር ስትከፍቱት ግን ከአትሌቲክ ዲሬክተሩ ስም ሥር የኤችአር (የሰው ኃይል አስተዳደር) ሰው ስም አለ። ያንን ስታዩ ጭውውት እንዳልሆነ ዕወቁ። ክፍሉ ውስጥ “ይህ ቅጣት አይደለም፣ የአሠራር ጉዳይ ነው” ይሏችኋል፤ ደብዳቤ ይሰጧችኋል፤ ስልክ፣ ላፕቶፕና ቁልፍ ይጠይቃሉ። እዚያ የሚጠበቅባችሁ ጥቂት ነው። ደብዳቤውን ተቀበሉ። ፈርሙ ከተባላችሁ ከፊርማው አጠገብ “መድረሱን ብቻ ለማረጋገጥ” ብላችሁ በእጃችሁ ጻፉ። ክሱ ምን እንደሆነ፣ መልስ የምትሰጡት ለማንና እስከ መቼ እንደሆነ ጠይቁ፤ ከዚያ ዝም በሉ። ወዲያው ማስረዳት ያጓጓል፣ በእኛ አስተዳደግ ደግሞ አለቃ ጠይቆ ዝም ማለት ንቀት ይመስላል። ግን በዚያ ክፍል የምትናገሩት ሁሉ ደብተሩን በያዘው ሰው አባባል ተጽፎ ነው ፋይል የሚገባው። “በጽሑፍ እመልሳለሁ” የሚለው በቂ መልስ ነው።

“በገዛ ፈቃድህ ብትለቅ ይሻልሃል” የሚል ሐሳብም ሊነሣ ይችላል። በዚያን ቀን አትልቀቁ። በፈቃዱ የለቀቀ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የኮንትራቱን ቀሪ ክፍያ፣ የመሰማት መብቱንና የሥራ አጥነት ድጎማውን አብሮ ይጥላል።

የሠራተኛ ማኅበር የሚወክላችሁ ከሆነ ቅጣት ሊያመጣ በሚችል የምርመራ ጥያቄ ላይ ተወካይ አብሮኝ ይቀመጥ ማለት ትችላላችሁ። የዋይንጋርተን መብት የሚባለው ይህ ከ1975 ጀምሮ የታወቀ ነው፤ ብዙ ስቴቶችም ለመንግሥት ሠራተኞች ተመሳሳዩን ደንግገዋል። ነገር ግን ራሳችሁ ካልጠየቃችሁ ማንም አያስታውሳችሁም። ጉዳዩ ፖሊስ ዘንድ ሊደርስ የሚችል ከሆነ ደግሞ ጠበቃ ሳታነጋግሩ አንድም ቃል አትስጡ። የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ “ካልተናገርክ ትባረራለህ” ብሎ አስገድዶ የወሰደው ቃል በወንጀል ችሎት እንደማይቀርብባችሁ በ1967 በጋሪቲ ጉዳይ ተወስኗል። በግል ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ግን በዚህ አትተማመኑ።

ማታ ቤት ስትገቡ ደብዳቤውን እስክሪብቶ ይዛችሁ አንብቡ። “ከደመወዝ ጋር” ነው ወይስ “ያለ ደመወዝ”? ይህች ሐረግ ግማሹን ክርክር ትወስናለች። “አስተዳደራዊ ፈቃድ” ይላል ወይስ “የዲሲፕሊን እገዳ”? የመጀመሪያው ምርመራው እስኪያልቅ ገለል በሉ ማለት ነው፤ ሁለተኛው ቅጣት ስለሆነ አብዛኛውን ጊዜ የይግባኝ መንገድ አብሮት አለ። የተጠቀሰውን መመሪያ በቁጥሩ ፈልጋችሁ ከዩኒቨርሲቲው ድረ ገጽ አውርዱና ያወረዳችሁበትን ቀን ጻፉበት፤ መመሪያ በመሀል ሊሻሻል ይችላል። የቅሬታው ጊዜ አጭር ነው፤ 5 ወይም 10 ቀን የሚል አይታጣም። የሥራ ቀን ይሁን የካሌንደር ቀን፣ የሚቆጠረው ከደብዳቤው ቀን ይሁን ከደረሳችሁበት ቀን፣ እዚያው መመሪያው ውስጥ ተጽፏል። ይህችን ቀን ያሳለፈ ሰው በኋላ ፍርድ ቤት ሲሄድ “የውስጡን መንገድ ሳትጨርስ መጣህ” ተብሎ ሊመለስ ይችላል።

“ከተማሪዎችና ከባልደረቦች ጋር እንዳትገናኝ” የሚለውን መስመር ሁለቴ አስምሩበት። ሰው የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው። አንዱ አትሌት “ኮች፣ ደኅና ነህ?” ብሎ ቴክስት ይልካል፤ መመለስ የሰውነት ወግ ነው። ዩኒቨርሲቲው ግን ያንን መልስ ከዋናው ክስ አብልጦ ይወደዋል። ዋናውን በምስክር ማስረዳት አለበት፤ ይህኛው ግን ሰዓቱ ሳይቀር የተመዘገበ የትእዛዝ ጥሰት ነው። ጉዳዩ የታይትል ናይን (በትምህርት ተቋም የጾታ መድልዎን የሚከለክለው የፌዴራል ሕግ) ከሆነ ምስክር ማስፈራራት ወይም በቀል ተብሎ ሁለተኛ ክስ ይወልዳል። ምስክር ማነጋገር የጠበቃችሁ ሥራ ነው።

ሰነድ መሰብሰቡ ላይ ሁለት ጉድጓዶች አሉ። አንደኛው ማጥፋት ነው፦ ስልኩን ከመመለሳችሁ በፊት ጠራርጋችሁ ብታጸዱት፣ የልጆቻችሁን ፎቶ ብቻ ለማውጣት ያደረጋችሁት ቢሆንም፣ ማስረጃ አጠፋ ተብሎ ይተረጎማል። ሁለተኛው መውሰድ ነው፦ የተማሪዎችን ውጤትና የሕክምና መረጃ የያዘ የሥራ ኢሜይል ወደ ግል አድራሻችሁ ብታሻግሩ፣ የተማሪ መዝገብ ምስጢር ሕግን ይነካል፣ አዲስ የስንብት ምክንያትም ይሆናል። ያለ ሥጋት መያዝ የምትችሉት የራሳችሁን ነው፤ የሥራ ቅጥር ደብዳቤ፣ ኮንትራትና ማሻሻያዎቹ፣ የዓመቱ የሥራ አፈጻጸም ግምገማ፣ የደመወዝ ወረቀት፣ በግል ስልካችሁ ያለ መልእክት። የቀረውን በጠበቃ በኩል ታስጠይቃላችሁ። የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ከሆነ የስቴቱን የመረጃ ነጻነት ሕግ ተጠቅሞ ሰነድ መጠየቅ ይቻላል፤ እንደ ካሊፎርኒያ፣ ኢሊኖይና ሚሺጋን ያሉ ስቴቶች ደግሞ ሠራተኛው የራሱን የግል ማኅደር እንዲያይ ይፈቅዳሉ። በዚያው ሌሊት የሆነውን ሁሉ ቀንና ሰዓት እየጠቀሳችሁ ጻፉና በላዩ ላይ “ለጠበቃዬ የተዘጋጀ” በሉት።

ከዚያ መልሱ። ከአንድ ገጽ አይብለጥ። ደብዳቤው የደረሳችሁበትን ቀን ይጥቀስ፤ ክሱን እንደማትቀበሉት ይናገር፤ ዝርዝሩና ማስረጃው በጽሑፍ እንዲሰጣችሁና በቃልም በጽሑፍም መልስ ለመስጠት እንደምትፈልጉ ይጠይቅ፤ በኮንትራትና በመመሪያ ካላችሁ መብት አንዱንም እንዳልተዋችሁ ያስታውቅ። ሁለት ዐረፍተ ነገሮች ግን እንዳይቀሩ። አንደኛው ኢሜይል፣ ቴክስትና የካሜራ ቅጂ ተጠብቆ እንዲቆይ መጠየቅ ነው፤ ብዙ ተቋም የካሜራ ቅጂ በላዩ ላይ እየቀዳ ያጠፋል፣ ከጠየቃችሁ በኋላ ከጠፋ ግን ተጠያቂው እሱ ነው። ሁለተኛው፣ ዩኒቨርሲቲው ስለ ጉዳዩ በይፋ የተናገረው ካለ፣ ስማችሁን የምታጸዱበት የመሰማት መድረክ መጠየቅ ነው። በብዙ ፌዴራል ፍርድ ቤቶች ይህንን ያልጠየቀ ሰው በኋላ “ስሜ ያለ ሕግ ጠፋ” ብሎ ቢከስ አይሰማም። በ1977 በኮድና ቬልገር ጉዳይ እንደተወሰነውም መድረኩ የሚገባው የተባለው ውሸት ነው ብሎ ለሚከራከር ነው፤ ስለዚህ ክሱን አልቀበልም የምትለዋን ቃል አታስቀሯት።

እዚህ ድረስ ያለው በሁሉም ቦታ አንድ ነው። ከዚህ በኋላ መንገዱ ለሁለት ይከፈላል፤ ቀጣሪው የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ነው ወይስ የግል? የፌዴራሉ ሕገ መንግሥት “ያለ ሕግ አግባብ ንብረትህን አትነጠቅም” ሲል የሚያስረው መንግሥትን ነው። የተወሰነ ዘመን ኮንትራት ያለው፣ ወይም “ያለ በቂ ምክንያት አይሰናበትም” የተባለለት አሠልጣኝ ሥራው እንደ ንብረት ይቆጠርለታል፤ በ1972 በሮትና በሲንደርማን ጉዳዮች የተወሰነው ይህ ነው። በ1985 በሎደርሚል ጉዳይ ደግሞ እንዲህ ያለው ሠራተኛ ከመሰናበቱ በፊት ክሱ ሊነገረው፣ ማስረጃው ሊገለጽለት፣ መልስ የመስጠት ዕድልም ሊያገኝ ይገባል ተባለ። ያለ ምክንያት በማንኛውም ቀን ሊሰናበት የሚችል፣ አት-ዊል የሚባለው ቅጥር ያለው ረዳት አሠልጣኝ ግን በዚህ በር አይገባም። ብዙ ረዳቶች እንዲህ ያለ ቅጥር ላይ እንዳሉ የሚያውቁት ሲታገዱ ነው። ደብዳቤያችሁን ዛሬ አውጥታችሁ እዩት።

እገዳ ደግሞ ከስንብት ይቀላል ተብሎ ስለሚታይ ጥበቃውም ይሳሳል። በ1997 በጊልበርትና ሆማር ጉዳይ፣ በፔንሲልቬንያ የኢስት ስትራውድስበርግ ዩኒቨርሲቲ ፖሊስ በወንጀል ተከስሶ ያለ ደመወዝ ቢታገድ፣ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ከእገዳው በፊት መሰማት ግዴታ አይደለም፣ ከእገዳው በኋላ ግን ሳይዘገይ ሊሰማ ይገባል የሚል መርሕ አስቀመጠ። ደመወዝ እየተከፈላችሁ ከሆነ ብዙ ፍርድ ቤቶች የተነጠቀ ንብረት የለም ይላሉ፤ ሜዳ ላይ መቆም በራሱ ንብረት አይደለም እንደ ማለት ነው። አሠልጣኝን የሚያናድደው ይህ አነጋገር በኮንትራት ሊስተካከል ይችል ነበር፤ ዋና አሠልጣኝ ሆኖ ማሠልጠኑ ራሱ መብት እንደሆነ፣ ያለ እሱ ፈቃድም ወደ ሌላ ሥራ እንደማይዛወር የሚገልጽ አንቀጽ ካለ ክርክሩ ይጠነክራል።

አንድ ነገር አስቀድማችሁ ዕወቁ። በ1978 በኬሪና ፓይፈስ ጉዳይ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ እንዳለው፣ ሥነ ሥርዓቱ ቢጣስም ተሰምታችሁ ኖሮ ውጤቱ ያው ይሆን ከነበረ፣ ባለመሰማታችሁ በራሱ የደረሰባችሁን ጉዳት ካላስረዳችሁ በቀር የምታገኙት ካሣ ከ1 ዶላር አይበልጥም። “አልሰሙኝም” የሚለው ብቻውን አይበቃም፤ “ቢሰሙኝ ኖሮ ይህን አሳያቸው ነበር” የሚል ማስረጃ ያስፈልጋል።

ቀጥሎ የሚመጣው፣ ያገደኝ ማነው የሚለው ነው። ዩኒቨርሲቲው፣ ኮንፍረንሱ (ዩኒቨርሲቲዎች አብረው የሚወዳደሩበት ስብስብ) ወይስ ኤንሲኤኤ (የኮሌጅ ስፖርትን የሚመራው አገር አቀፍ ማኅበር)? ኤንሲኤኤ እንደ መንግሥት አካል አይቆጠርም። የኔቫዳው ላስ ቬጋስ ዩኒቨርሲቲ የቅርጫት ኳስ አሠልጣኝ ጄሪ ታርካኒያን ለ2 ዓመት እንዲታገድ ኤንሲኤኤ በ1977 ቢጠይቅ፣ እሱ በስቴቱ ፍርድ ቤት እገዳውን የሚያስቆም እግድ አውጥቶ ሥራውን ቀጠለ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1988 በ5 ለ4 ድምፅ ኤንሲኤኤ በሕገ መንግሥቱ አይጠየቅም አለ። ያም ሆኖ ታርካኒያን በሌላ ክስ ተመልሶ መጥቶ በ1998 በ2.5 ሚሊዮን ዶላር ታረቁ። ከዚህ የምንወስደው፣ ቅጣቱን የሚፈጽመው ዩኒቨርሲቲው ስለሆነ ክርክሩ ብዙ ጊዜ ከእሱ ጋር እንደሚሆን ነው። የኤንሲኤኤ ምርመራ ሲመጣ አለመተባበር ራሱን የቻለ ጥፋት ነው፤ በኮንትራታችሁም ውስጥ ሕጉን የጣሰ ሊታገድ ወይም ሊሰናበት ይችላል የሚል አንቀጽ አይጠፋም። ከጃንዋሪ 2023 ወዲህ ደግሞ ዋና አሠልጣኝ በሥሩ ያሉ ሰዎች ለፈጸሙት ጥፋት “አላወቅሁም” ብሎ የሚያመልጥበት መንገድ ጠብቧል። የዩኒቨርሲቲው ጠበቃ ከጎናችሁ ቢቀመጥም ደንበኛው ዩኒቨርሲቲው ነው። ጥቅማችሁ ሲለያይ የሚናገረው ለማን እንደሆነ አትርሱ።

አሁን ወደ ቅዳሜ እንመለስ። ፍርድ ቤት እግድ እንዲሰጥ አራት ነገር ይመዝናል፤ የማሸነፍ ዕድል፣ በገንዘብ የማይካስ ጉዳት፣ የሁለቱ ወገኖች ጉዳት ሚዛንና የሕዝብ ጥቅም። አሠልጣኙ የሚወድቀው በሁለተኛው ነው። በ1974 በሳምፕሰንና መሪ ጉዳይ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ደመወዝ ማጣትና የስም መጉደፍ በተለመደው ሁኔታ በገንዘብ የማይካስ ጉዳት አይደሉም ብሏል። ሁለት ታሪኮችን አስቡ። ኖቬምበር 10 ቀን 2023 ቢግ ቴን ኮንፍረንስ የሚሺጋኑን አሠልጣኝ ጂም ሃርቦን ለ3 ጨዋታ ሲያግደው ዕለቱ ዓርብ ነበር፣ ለአርበኞች ቀን ፍርድ ቤቶች ተዘግተው ነበር፣ ጨዋታው በማግስቱ ነው። ዩኒቨርሲቲውና አሠልጣኙ በዚያው ቀን እግድ ቢጠይቁም ቅዳሜው አለፈ። ችሎቱ ለ17 ተቀጠረ፤ በ16 ተስማምተው ክሱን አነሡ፣ እገዳውን ተቀበሉ፣ ኮንፍረንሱም ምርመራውን ዘጋ። በአገሩ ካሉት ትልልቅ ዩኒቨርሲቲዎች አንዱ ከጎኑ ቆሞለት ይህ ከሆነ፣ ለብቻው የሚከራከር የአገር አቋራጭ ሩጫ ረዳት አሠልጣኝ ምን ያህል ተስፋ እንዳለው ገምቱ።

ሁለተኛው ይከፋል። የቴክሳስ ቴክ አሠልጣኝ ማይክ ሊች ዲሴምበር 28 ቀን 2009 ታገደ፤ የአላሞ ቦውል ጨዋታ ስለቀረበ ጊዜያዊ እግድ ጠየቀ። በ30 ችሎቱ ሊጀመር ጥቂት ሲቀረው የስንብት ደብዳቤ ለጠበቃው ተሰጠ። በማግስቱ ሥራ ላይ ቢገኝ 800,000 ዶላር ይከፈለው ነበር። የቴክሳስ ፍርድ ቤቶችም የስቴቱ ያለመከሰስ መብት የገንዘብ ጥያቄውን እንደሚከለክል ወሰኑ። እግድ መጠየቅ ነገሩን ያጦዘዋል፤ ከመጠየቃችሁ በፊት በሚቀጥሉት ሳምንታት በኮንትራታችሁ የሚከፈል ጉርሻ ወይም የዕድሳት ቀን እንዳለ አረጋግጡ። እግድ የሚያዋጣው የጽሑፍ መመሪያው በግልጽ ሲጣስ ነው፤ ለምሳሌ “ከእገዳው በፊት ይሰማል” ተብሎ ተጽፎ ሳይሰሟችሁ ሲቀሩ።

በእኔ እምነት ለታገደ አሠልጣኝ ጠንካራው መሣሪያ ኮንትራቱ ነው፤ የግል ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ላለው ደግሞ ዋነኛው ነው ማለት ይቻላል። የቅርጫት ኳስ አሠልጣኙን ጂም ኦብራየንን ኦሃዮ ስቴት በ2004 ሲያሰናብተው ለአንድ ምልምል ተጫዋች ቤተሰብ 6,000 ዶላር ሰጥቶ ነበር፣ አልካደም። ፍርድ ቤቱ ግን ኮንትራቱን ቃል በቃል አንብቦ፣ ጥሰቱ ኮንትራቱን እስከ ማፍረስ የሚያደርስ አልነበረም ብሎ ከ2 ሚሊዮን ዶላር በላይ ፈረደለት። ስለዚህ በኮንትራቱ ውስጥ “በቂ ምክንያት” እንዴት እንደተተረጎመ፣ እገዳ ያለ ደመወዝ የሚፈቀደው መቼ እንደሆነ፣ ማስጠንቀቂያና የማረሚያ ጊዜ ይሰጥ እንደሆነ ፈልጉ። ስለ እገዳ ምንም የማይል ኮንትራት ብዙ ጊዜ ለእናንተ ይጠቅማል፤ ያለ ደመወዝ የማገድ ሥልጣን ከየት መጣ ብሎ ለመጠየቅ ያመቻል። ጉዳቱን ስታሰሉም ደመወዝ ብቻ አይደለም፦ መኪና፣ የበጋ ካምፕ ገቢ፣ የጫማ ድርጅት ክፍያ፣ የውጤት ጉርሻ። የጆርጂያ ይግባኝ ፍርድ ቤት በ1983 በአሠልጣኝ ፔፐር ሮጀርስ ጉዳይ እነዚህን የመሰሉ ጥቅሞች እንዲታሰቡ በር ከፍቷል።

“ይህችን ቅጣት ተቀበልና ነገሩ እዚህ ያበቃል” ሲሏችሁ ደግሞ በጽሑፍ ይሁን በሉ። የኖርዝዌስተርኑ አሠልጣኝ ፓት ፊትዝጄራልድ በጁላይ 2023 የ2 ሳምንት እገዳ ያለ ደመወዝ ተቀጣ፤ በሦስተኛው ቀን ተሰናበተ። እሱ ከዚህ ሌላ ቅጣት እንደማይኖር በቃል ተስማምተን ነበር ብሎ በ130 ሚሊዮን ዶላር ከሰሰ። ያ ክርክር በስምምነት እስኪዘጋ እስከ ኦገስት 2025 ሄደ። በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል ያሉት አባቶች ለዚህ ነው።

የመንግሥት ዩኒቨርሲቲን በገንዘብ ለመክሰስ የምትመርጡት ፍርድ ቤት ወሳኝ ነው። ፌዴራል ፍርድ ቤት ውስጥ ስቴቱ ያለመከሰስ መብት አለው፤ እዚያ የሚቻለው በኃላፊዎቹ ላይ ወደፊት የሚሠራ ትእዛዝ መጠየቅ፣ ወይም ኃላፊዎቹን በግላቸው መክሰስ ነው። የኮንትራቱ ክስ እንደ ኦሃዮና ሚሺጋን ባሉ ስቴቶች ለዚሁ በተቋቋመ ልዩ ፍርድ ቤት ይቀርባል፣ የቅድሚያ ማስታወቂያ ቀንም ሊኖረው ይችላል። ኒው ዮርክ ውስጥ አስተዳደራዊ ውሳኔን በአንቀጽ 78 ለመቃወም ያለው ጊዜ 4 ወር ነው። ካሊፎርኒያ ውስጥ በብዙ የመንግሥት ተቋማት ላይ የጉዳት ካሣ ለመጠየቅ በ6 ወር ውስጥ ማመልከት ያስፈልጋል። የስም ማጥፋት ክስ በካሊፎርኒያ፣ በኒው ዮርክ፣ በቴክሳስ፣ በኦሃዮ፣ በሚሺጋንና በኢሊኖይ 1 ዓመት ብቻ ነው። የውስጡ ይግባኝ እየታየ ሳለ እነዚህ ቀኖች ብዙ ጊዜ እንደማይቆሙ አስቡ፤ ብዙ ጥሩ ክስ የሞተው “እስኪ መጀመሪያ የእነሱን ውሳኔ ልጠብቅ” በሚል ነው።

ያገዷችሁ በዘር፣ በትውልድ አገር፣ በሃይማኖት ወይም በአነጋገር ዘዬ ምክንያት ነው ብላችሁ ካመናችሁ፣ ለፌዴራሉ የእኩል ሥራ ዕድል ኮሚሽን የምታመለክቱት በ180 ቀን ውስጥ ነው፤ የራሱ ኤጀንሲ ባለበት ስቴት 300 ቀን ይሆናል። የክስ ፈቃድ ደብዳቤ ሲደርሳችሁ ደግሞ 90 ቀን አላችሁ። በዘር ምክንያት ለሚቀርብ ክስ በፌዴራሉ ሕግ ክፍል 1981 ሥር ኮሚሽኑን ሳያልፉ እስከ 4 ዓመት መክሰስ ይቻላል። ቀድሞ “ደመወዙ ተከፍሎታል፣ ምን ጎደለው?” ተብሎ የሚዘጋው በር በኤፕሪል 2024 በመልድሮው ጉዳይ በመጠኑ ተከፍቷል፤ በሥራ ሁኔታ ላይ የደረሰ አንዳች ጉዳት ማሳየት ይበቃል፣ ከባድ መሆኑን ማስረዳት አያስፈልግም ተብሏል። በጣም የሚረዳው ማነጻጸሪያ ነው፦ ያንኑ ጥፋት ፈጽሞ ያልታገደ አሠልጣኝ ማን ነው? እንዲሁም ሴት አትሌቶች በአውቶቡስ፣ በሜዳ ወይም በበጀት እኩል አልተያዙም ብላችሁ አቤት ካላችሁ በኋላ ከታገዳችሁ፣ በቀል ነው ብሎ በታይትል ናይን መክሰስ እንደሚቻል በ2005 በጃክሰን ጉዳይ ተወስኗል፤ ከሳሹ ራሱ በበርሚንግሃም የልጃገረዶች የቅርጫት ኳስ አሠልጣኝ ነበር። አቤቱታው በኢሜይል ካለ፣ በእሱና በእገዳው መካከል ያለው ጊዜም አጭር ከሆነ፣ ጠበቃ ጉዳዩን ለመያዝ ይቀለዋል።

ማኅበር ላላቸው መንገዱ ይቀላል። በፔንሲልቬንያ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ሥርዓት አሠልጣኞች አፕስከፍ በተባለው የመምህራንና የአሠልጣኞች ማኅበር፣ በካሊፎርኒያ ስቴት ዩኒቨርሲቲ (ካል ስቴት) ደግሞ በካሊፎርኒያ ፋኩልቲ አሶሲዬሽን ይወከላሉ። አቤቱታው ወደ ገለልተኛ የግልግል ዳኛ ይሄዳል፣ ከፍርድ ቤት ይፈጥናል፣ ለኪስም ይቀላል። እንዲህ ካለ ግቢ ውስጥ ከሆናችሁ ከጠበቃው በፊት ለማኅበሩ ደውሉ።

በኤች-1ቢ (በቀጣሪ በኩል በሚገኝ የሥራ) ቪዛ ለምታሠለጥኑ ለብቻ የምነግራችሁ አለ። ቀጣሪው በራሱ ውሳኔ ከሥራ ገለል ቢያደርጋችሁም፣ ለቪዛው ያስመዘገበውን ደመወዝ መክፈሉን እንዲቀጥል ደንቡ ያስገድደዋል። ያለ ደመወዝ ከታገዳችሁ በሠራተኛ ሚኒስቴሩ የደመወዝና ሰዓት ክፍል በደብልዩኤች-4 ቅጽ በ12 ወር ውስጥ ማመልከት ይቻላል። ከሥራ ከተሰናበታችሁ ግን ሌላ ቀጣሪ ለማግኘት ወይም ሁኔታችሁን ለመቀየር ያላችሁ ጊዜ ቢበዛ 60 ቀን ነው። ዩኒቨርሲቲዎች ከዓመታዊው የቪዛ ኮታ ነጻ ስለሆኑ፣ በእነሱ የገባ ሰው ወደ ተራ ድርጅት ልዛወር ቢል እንደ አዲስ ዕጣ ውስጥ ሊገባ ይችላል፤ ወደ ሌላ ኮሌጅ መሄድ ይቀላል። የሥራ ጠበቃውና የኢሚግሬሽን ጠበቃው እንዲነጋገሩ አድርጉ። የሥራ ጠበቃው “ልቀቅና ገንዘቡን ውሰድ” ሲል ስለ 60ው ቀን ላያውቅ ይችላል።

ከእነዚህ ጉዳዮች ብዙዎቹ የሚያልቁት በስምምነት ነው። ስምምነቱ ሲቀርብ ዓይናችሁ ገንዘቡ ላይ ብቻ አይቅር። ዩኒቨርሲቲው የሚያወጣው መግለጫ ቃል በቃል የስምምነቱ አባሪ ይሁን። የሚቀጥለው ቀጣሪ ሲደውል ማን እንደሚመልስ፣ ምን እንደሚል በስም ይጻፍ። ስንብቱ ወደ መልቀቂያ ከተቀየረ ማኅደሩም ይቀየር። አንዱ የሌላውን ስም በክፉ ያለማንሣት ግዴታው የሁለቱም ወገን ይሁን፤ እናንተን ብቻ የሚያስር ከሆነ አትቀበሉ። ያልተከፈለ ደመወዝ ግብር ተቆርጦ ነው የሚመጣው፣ ሌላው ካሣ በሌላ ቅጽ ይመጣል፤ አከፋፈሉን ከመፈረማችሁ በፊት ለሒሳብ ሰው አሳዩ። ዕድሜያችሁ 40 ከሞላና የዕድሜ መድልዎ መብታችሁን እንድትተዉ ከተጠየቃችሁ ቢያንስ 21 ቀን ለማሰብ፣ ከፈረማችሁ በኋላም 7 ቀን ሐሳብ ለመቀየር ሕጉ ይፈቅድላችኋል፤ “እስከ ነገ ፈርም” ቢሏችሁ ይህን ንገሯቸው። በእገዳው ጊዜ የጤና መድኑ ተቋርጦ ከሆነ ኮብራን (የቀጣሪውን የጤና መድን በራስ ክፍያ ማስቀጠያውን) ለመምረጥ ያለው ጊዜ 60 ቀን ነው። ሌላ ሥራ ስታመለክቱ “ታግደህ ታውቃለህ?” ለሚለው ጥያቄ በስምምነቱ መሠረት ምን ብላችሁ እንደምትሞሉ ደግሞ ከመፈረማችሁ በፊት ጠበቃችሁን በኢሜይል ጠይቁና መልሱን አስቀምጡት።